ከግድግዳው ማዶ ያለችው ንግሥት

ጋኔን አስጠንቶኝ ያውቃል ብል ማን ያምነኛል? ማንም። እንግዲያው ማመን አለማመኑን ለእናንተ ትቼ የሆነውን ልናገር። በሠላሳ አራት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ውሸት ለመጻፍ አይደለም፤ ውሸቱን ሳልማርም እችለው ነበር።

ሠላሳ አራት፤ ልብ አድርጉልኝ። እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ በማታ ትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ "ሀ ሁ" እያልኩ እጮህ ነበር። ሥራዬ ዘበኝነት ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አምቦ የምንላት ከተማችን በደብዳቤ ላይ "ሀገረ ሕይወት" ተብላ እንደምትጻፍ ያወቅሁት እንኳ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ነው። ለካ የምኖርበትን አገር ስም ሳላውቅ ነው ስጠብቀው የኖርኩት።

አለቃዬ አንድ ቀን በሩን ስከፍትለት ቆም አለና፣ "ስምንተኛ ክፍልን እለፍ፤ ጸሐፊው ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ያንተ ነው" አለኝ። ያን ወንበር አውቀዋለሁ። የእንጨት ነው፤ አንድ እግሩ ይወላገዳል፤ ሲቀመጡበት እንደ ዶሮ ይጮሃል። ግን ከጣሪያ በታች ነው። የአምቦን የሐምሌ ዝናብ በር ላይ ቆሞ ለአሥራ አምስት ክረምት የተቀበለ ሰው ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወንበሩን ፈለግሁት። ሚስቴን ሳጭ እንኳ እንደዚያ አልፈለግሁም፤ እሷም ታውቃለች።

ሰባት ዓመት ተማርኩ። ሂሳቡንም ጂኦግራፊውንም እንደምንም ገፋሁት። የቀረኝ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነበር። መምህራችን ተድላ የሚባል ቀጭን ክራባት የሚያስር ወጣት ነው። ክፍል ውስጥ "አንተ" ይለኛል፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ጋሼ" ይለኛል፤ ለሁለታችንም ይበቃናል። ታዲያ አንድ ማታ ከውጭ አገር ቋንቋ የተመለሰ የጥንት የሐዘን ቲያትር አወጣና፣ "ፈተናው ከዚህ ነው፤ መጽሐፍም ደብተርም ውጭ ይቀራል። በቃላችሁ ነው" አለን። ለሃያ ስምንት ሰው አራት መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ በየተራ። "መጽሐፉ የጠፋበት ፈተናው ላይ አይቀመጥም" ብሎ ጨመረበት።

የቲያትሩን ስም አልጠራውም። እስከ ዛሬ ስጠራው ማጅራቴን ይበርደኛል። ነገሩ ግን ይህ ነው፤ አንድ ንጉሥ ከተማው በጠላት ሲከበብ "ማንም ይሁን ማን፣ በሩን የከፈተ ይሰቀል!" ብሎ ይምላል። አንድ ልጁ የጠማው መንገደኛ ውጭ ሲለምን ሰምቶ በሩን ይከፍትለታል። ንጉሡ መሐላውን እንዳያጥፍ ልጁን ይሰቅላል። ንግሥቲቱ ታለቅሳለች። በቃ። ዘበኛ ለሆነ ሰው ይህ ቲያትር አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ በሩን በቀን መቶ ጊዜ እከፍታለሁ፤ የሰቀለኝም የለም፣ ያሳደገኝም የለም።

አሁን ችግሬን ልንገራችሁ። እኔ ዝም ብዬ ማንበብ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት በጩኸት ነው፤ ከአፌ ያልወጣ ቃል ወደ ጭንቅላቴ አይገባም። አንዳንዱ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ ገጽ ሲገለብጥ ሳይ የሚያታልለን ይመስለኛል።

ስለዚህ ቤቴ ጀመርኩ። አንድ እሑድ ጠዋት የንግሥቲቱን ክፍል ይዤ "ልጄን! አንድ ልጄን! ወየው!" እያልኩ ሳለሁ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከች አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ይለኩ ጀመር። ማንም እንዳልሞተ ሲያውቁ ደስ ይላቸዋል ብላችሁ ነው? ተቆጡ እንጂ። የእድሩ ዳኛማ "ሰው ሳይሞት ማስለቀስ በደንባችን ቅጣት አለው" አለኝ። ሚስቴ አስካለ እነሱን ሸኝታ ተመለሰችና መጽሐፉን አንሥታ በእጄ አስያዘችኝ።

"ስማኝ" አለች። "የፈለግኸውን ሁን። ቤቴ ውስጥ ግን ሰው አትሰቅልም።"

በሥራ ቦታዬ ሞከርኩ። በሩን ዘግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ንጉሡን ሆኜ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ "ማንም ይሁን ማን፣ በሩን የከፈተ ይሰቀል!" ብዬ ስጮህ፣ ለካ የአለቃዬ መኪና በሩ ፊት ቆሟል። ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፍቷል አሉ። እኔ አልሰማሁም። ዓይኔን ስገልጥ አለቃዬ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያየኛል።

"ክፈት!" አለኝ።

ከፈትኩ። በዚያ ሳምንት ማንም ሳይሰቀል በወሬ ተሰቀልኩ።

እንግዲህ ሰው የማይሰማበት ቦታ መፈለግ ነበረብኝ። ቦታውን የማውቀው ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም አይደርስበትም። ከሁሉቃ ወንዝ በላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ጣሪያ የለሽ የድንጋይ ቤት አለ። ሁለት ክፍል ነው፤ የአንዱ በር ወደ መንገዱ፣ የሌላው ወደ ወንዙ ያያል። በመካከላቸው ወፍራም ግድግዳ አለ፤ ከሰው ራስ በላይ ትንሽ መስኮት ተከፍቶበታል። ጊዜ ያለኝ ለምሳ ስንዘጋ፣ በቀትር ብቻ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጋኔን የጨለማ ብቻ አይደለም፤ ቀትርም የእሱ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆምና ሰው ጥላውን ሲያጣ ወንዝ ዳር፣ ፍርስራሽ አጠገብ አይኬድም። በዚያ ሰዓት ወፍ ዝም ይላል። ቅጠል አይነቃነቅም። ወንዙ እንኳ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ብሎ የሚሄድ ይመስላል።

ሄድኩ። ድሃ ጋኔን የሚፈራው እስኪርበው ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ መጽሐፉን ገልጬ ጮህኩ። ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፉን ዘጋሁና በቃሌ ልሞክር አልኩ። የንግሥቲቱን ለቅሶ ጀመርኩ፤

*በር የከፈትክለት የጠማው መንገደኛ፣*
*ውሃውን ጠጣና አንተን ተወ ለእኛ።*
*ዙፋኑ ሲጠብቅ ቁመትህን ለክቶ፣*

እዚህ ላይ ጠፋኝ። "ለክቶ... ለክቶ..." አልኩ። ግንባሬን መታሁ። "ቁመትህን ለክቶ..."

*ገመዱ ወሰደህ አንገትህን አይቶ።*

እኔ አይደለሁም። የእኔ አፍ ክፍት ነበር፤ ከሱ ግን ምንም አልወጣም። ድምፁ የወጣው ከግድግዳው ነው። የሴት ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ልቅሶ የለመደ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ያለ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ስነቃ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ መቆለፊያውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ጋኔን በመቆለፊያ ይገታ ይመስል። እጄን ሳይ መጽሐፉ የለም።

ከጋኔኑና ከወንበሩ ማንን መረጥኩ? ወንበሩን። በማግስቱ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል በጥርሴ ነክሼ ተመለስኩ። መጽሐፉን ጥዬው የሄድኩት መሬት ላይ ነው። ያገኘሁት ግን መስኮቷ ላይ ነው፤ ተዘግቶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ ተጭኖበት። የሚያስፈራው ይህ ነው። የሚሰብር ጋኔን ሰምቻለሁ። የሚያስተካክል ጋኔን ግን አባቶቼም አልነገሩኝም።

"በስመ አብ" ብዬ መጽሐፉን አወረድኩ። መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን ፈተናው ሃያ ቀን ቀርቶታል። አሰብኩ፤ ጋኔንም ቢሆን የንግሥቲቱን ቃል አጥንቷል። የንጉሡን ቃል አልኩ። ከማዶ ንግሥቲቱ መለሰችልኝ። ሳላበላሽ የሚቀጥለውን አልኩ። መለሰችልኝ። ስሳሳት ዝም ትላለች፤ ሳስተካክል ትቀጥላለች። መምህር ተድላ እንዲህ አድርጎ አስተምሮኝ አያውቅም።

ተላመድን። ግድግዳውን ዞሬ አላየሁም፤ ዞሬ ባይ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ ሁለቱንም ፈራሁ። በየቀኑ ግን ስወጣ እፍኝ ቆሎ መስኮቷ ላይ አስቀምጥ ጀመር። በማግስቱ አይኖርም። ሚስቴ "ቆሎውን ማን ነው የሚጨርሰው?" ስትለኝ "አስተማሪዬ" አልኳት። እውነቴን ነበር።

አንድ ቀን ጨርሰን ልወጣ ስል ድምፁ አላቆመም። ለራሱ ያንጎራጉራል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ድንጋዩ በዚያ ሁሉ ፀሐይ እንደ በረዶ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ነው የምትለው። ስለ ወፍጮ። ስለ ካፖርት። መጨረሻ ላይ በኦሮምኛ ስም ጠራች፤ "ኦቦ ቶሎሳ፣ ያ ኦቦ ቶሎሳ ኮ..."

ኦቦ ቶሎሳን አምቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ወፍጮ ቤት አለው፤ ጎጆ ከምትባለው ከተማ ገብስ ያመጣል፤ በጋ ክረምት የማያወልቀው ጥቁር ካፖርት አለው። በሕይወት ያለ ሰው ነው። ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ በወፍጮ ቤቱ በኩል አለፍኩ። በሩ ላይ ቆሟል።

"ምን ታፈጥብኛለህ? ፊቴ ላይ ዱቄት አለ?" አለኝ።

"የለም ኦቦ። ደህና ነዎት ወይ?"

"ምን እሆናለሁ? ትንሽ ሳል ናት።"

ምን ልበለው? ከግድግዳ ስምዎን ሰማሁ ልበለው? "ሙቅ ነገር ይጠጡ" ብዬው ሄድኩ። በዚህ ዓለም ለሰው የሰጠሁት ምክር ሁሉ የዚያኑ ያህል ነው የጠቀመ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ኦቦ ቶሎሳ ሞተ።

ከተማው ሁሉ ለቅሶ ሜዳ ወጣ። ከእጃጂ ወንድሞቹ በጭነት መኪና ደረሱ። ካፖርቱ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ እጆቹ ተዘርግተው፣ ቆብ ደፍቶ መሀል ላይ ቆሟል፤ ከሩቅ ላየው ቶሎሳ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ይመስላል። እኔ ከሰው ኋላ ነበርኩ። አልቃሿ ወደ መሀል ገባች። አዴ ጫልቱ ትባላለች፤ ረጅም ናት፤ ሰውን ስታይ ልብስ ሰፊ እንደሚለካ ከእግር እስከ ራስ ነው የምታየው። በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ በአማርኛ ትጨርሳለች። አፏን ከፈተች፤

*ወፍጮ የከፈትክለት የራበው ገበሬ፣*
*ዱቄቱን ያዘና ተወህ ለእኛ ዛሬ።*
*ወፍጮው ሲጠብቅህ ቀበቶውን ፈትቶ፣*
*ሞት ቀድሞ ወሰደህ ካፖርትህን አይቶ።*

ሕዝቡ እንደ ጎርፍ አለቀሰ። እኔ ግን ደሜ ቆመ። ድምፁ ያ ነው። የግድግዳው ነው።

ያን ጊዜ የሆነውን ሳስበው አሁንም መሬት ብትከፈት እላለሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያ ድምፅ ሲያበቃ የሚቀጥለው የእኔ ተራ ነበር። አፌ ለምዷል። አፌን ማን ይያዘው? በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ለቅሶው ጋብ ሲል፣ በንጉሡ ድምፅ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ ጮህኩ፤

"የሰቀልኩት እኔ ነኝ! ገመዱን በገዛ እጄ የሳብኩት እኔ ነኝ! ምስክር አያሻም!"

ሜዳው ጸጥ አለ። የቀትር ጸጥታ። ካፖርቱ እንኳ ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ።

"ማንን ነው የሰቀልከው?" አለ ከእጃጂ የመጣው ታላቅ ወንድሙ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ቀስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዱላ ይዟል ማለት ነው።

"ኦቦ፣ እኔ..."

"በሳል ሞተ አላችሁኝ እኮ! ሳል ገመድ አለው?"

አንገትጌዬን ያዙኝ። አንዱ ክንዴን፣ አንዱ ቀበቶዬን። አንዲት ሴት "እኔ ድሮም ዓይኑን አልወደውም ነበር" አለች፤ በሩን ስከፍትላት አሥር ዓመት አልፏል። ያን ጊዜ መምህር ተድላ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሕዝቡን እየገፋ መጣ።

"ተዉት! ተዉት እባካችሁ! ገጽ ስልሳ ሁለት ነው!"

"ምን?" አለ ወንድምየው።

"ከመጽሐፍ ነው። ለፈተና ያጠናው ነው። ሦስተኛው ክፍል፣ ንጉሡ ነው የሚናገረው።"

ወንድምየው አየኝ። ጫማዬን አየ፣ የዘበኛ ካፖርቴን አየ። "ይሄ ነው ንጉሡ?" አለና ለቀቀኝ። ከዱላው ይልቅ ያ አመመኝ።

ሰዉ ሲበተን አዴ ጫልቱ መጣች። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንተ ነህ ለካ ጋኔኑ!" አለችኝ።

"እኔ? እርስዎ ነዎት እንጂ!"

"ያ ዋቃዮ! እኔ እኮ የቀትሩ ጋኔን ግጥም እየሰጠኝ ነው ብዬ፣ ስለት እንኳ አስቤለት ነበር።" ትንሽ አሰበችና፣ "ቆሎው ጨው ያንሰዋል" አለች።

እዚያ ምን ታደርግ እንደነበር ጠየቅኳት። ዙሪያዋን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ጥሩ ሙሾ በአንድ ጠዋት አይወጣም አለችኝ። ሰው ሳይሞት በፊት መዘጋጀት አለበት። የሚያስል አለ፣ የሚከሳ አለ፤ ታየዋለች፤ ትጀምርለታለች። ግን በሕይወት ላለ ሰው ስታለቅስ ከተሰማች ሟርተኛ ብለው በድንጋይ ይወግሯታል። ስለዚህ ማንም በማይደርስበት ቦታ፣ ማንም በማይወጣበት ሰዓት ትለማመዳለች። ቶሎሳን የጀመረችው ከጥቅምት ነው። ፊደል አታውቅም፤ እኔ መምጣት ስጀምር ግን አንድ ሳምንት ሰማችኝ፣ ቲያትሩን ያዘችው። በቃ። እኔ ሰባት ዓመት የፈጀሁበትን።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መጽሐፎቹ ውጭ ቀሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ከመቶ ግማሹን የሚይዝ ነው፤ "የንግሥቲቱን ለቅሶ በቃልህ ጻፍ፤ ለምን እንዳለቀሰችም አስረዳ።" ሳቅሁ። ይህን የማያውቅ ማን ነው? ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ።

"አንተ! ከንፈርህ!" አለ መምህር ተድላ።

ከንፈሬን ገጠምኩ። እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ገጥሞኝ አያውቅም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያ ጣሪያ የለሽ ቤት ቆሟል፤ ፀሐይ አናቱ ላይ ናት፤ ወፍ የለም። ንግሥቲቱን ጠበቅሁ። ከግድግዳው ማዶ ድምፁ መጣ። የመጣውን ሁሉ ጻፍኩ። በደንብ በተስተካከለ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ ፊደል ሳልስት ጻፍኩ። ቀና ስል ሁሉም ገና ብዕሩን ያኝካል። ወንበሩ ከሥሬ ሲጮህ ሰማሁት።

በሳምንቱ መምህር ተድላ በር ላይ መጣ። ወረቀቴን ይዟል።

"ጋሼ" አለኝ፤ ጋሼ ሲለኝ ገባኝ። "ንጉሡ ወፍጮ ቤት ነበረው እንዴ?"

የበሩን መቆለፊያ ያዝኩ።

"ልጁስ የሞተው በሳል ነው? ካፖርቱስ?"

"መምህር፣ ግጥሙ ቤት ይመታል አይደል?"

"ይመታል። ሳነበው አለቀስኩ።" ወረቀቱን አጠፈው። "ከመጽሐፉ ግን አይደለም። ዜሮ ነው የሰጠሁት።"

ወንበሩ ላይ የአለቃዬ የእህት ልጅ ተቀመጠበት። ጠዋት ሲመጣ በሩን እከፍትለታለሁ። አንዳንዴ "በሩን የከፈተ ይሰቀል" የሚለው ትዝ ይለኝና ንጉሡ እውነት ነበረው እላለሁ።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ባለፈው ዝናብ ላይ ቆሜ ሳለሁ አዴ ጫልቱ በመንገዱ አለፈች። ቆመች። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ከራስ እስከ እግሬ።

"ሳል ይዞሃል እንዴ ኦቦ?"

"ትንሽ ናት" አልኩ። አልኩና የኦቦ ቶሎሳ መልስ ትዝ አለኝ።

"አይዞህ" አለች። "ያንተን ጨርሻለሁ።"

ሰው ይህን ሲሰማ ይሮጣል፣ ያማትባል፣ ይሳደባል። እኔ ምን አልኩ? "ያሰሙኝ" አልኩ። አይነገርም አለች፣ ነውር ነው አለች። "አዴ ጫልቱ፣ እንዲያው አብረን አጥንተናል" አልኳት። በሩን ይዤ ጆሮዬን አቀረብኩ። በዚያ ከጉድጓድ በሚመጣ ድምፅ፣ ዝናቡ ሳይሰማት፣ አንሾካሾከችልኝ፤

*ለሰው ስትከፍት ኖረህ የቢሮውን በር፣*
*ጸሐፊ ሆነህ ገባህ ወደ መቃብር።*

"ጸሐፊ?" አልኩ። "እኔ እኮ ወድቄያለሁ።"

"እሱን ማን ይጠይቃል?" አለች። "በለቅሶ ላይ ማንም ወረቀት አያይም።"

ሄደች። እኔም በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሉ ሲመጣ ሙቅ ነገር አልጠጣም። ዝናብ ላይ ቆሜ አስላለሁ፤ ወንበሩ ከሩቅ እንደ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ሹመቴ እንደሆነ ወጥቷል። የቀረኝ መሞት ብቻ ነው።